ሮም ከእማዬና ከልጆቹ ጋር፦ ሐውልት ቆጠራ

የልጆቹ የጥቅምት እረፍት ሲደርስ እማዬም እኛ ጋ ስለነበረች (ቪዛዋ ሼንገን ስለሆነ ጣሊያንም ያስኬዳል) ሰብሰብ ብለን ሮም ደርሰን መጣን። ከዛ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ እንዴት ነበር፣ ከልጆች ጋር አይከብድም ወይ፣ ምን ምን አያችሁ እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ሮም መታየት ያለባቸው አስር ቦታዎች ምናምን የሚል ዝርዝር የፈለገ ኢንተርኔቱ ሞልቶታል፣ ከዛ ውስጥ ግማሹን እኛ አላየነውም፣ አልቆጨንምም።

ተጓዦቹ እኔ፣ ባሌ፣ ሁሉን ነገር ስልኳ ላይ የምትመዘግበው የ11 ዓመቷ ልጄ፣ "ለምን?" የማይሰለቸው የ7 ዓመቱ ወንድሟ፣ ከዛ ደሞ እማዬ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል ግን ደከመኝ ማለት ሞቷ ነው፣ ስለዚህ ድካሟን ፊቷ ላይ እያነበብን "እኛ ደክሞናል፣ ትንሽ እንቀመጥ" ማለት የኛ ስራ ነበር። ባሌ ይሄን ተክኖበታል። "እማማ፣ ልጁ ደክሞታል መሰለኝ፣ ይቀመጡለት እስቲ" ይላታል፣ እሷም ለልጁ ስትል ትቀመጣለች።

ያረፍነው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ብዙ ሰው ሰፈሩን አይወደውም፣ ግርግር አለው፣ ማታ ማታም ያን ያህል ደስ አይልም፣ ግን ሁለቱ ዋና የሜትሮ መስመሮች እዛ ነው የሚገናኙት፣ አውቶቡሱም ብዙው ከዛ ይነሳል፣ ጉልበት ከሚያመው ሰውና ከልጅ ጋር ስትሆኑ ደሞ ከቆንጆ ሰፈር ቅርብ ሰፈር ይሻላል። የሜትሮና የአውቶቡስ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ያገለግላል፣ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም (ሴቷ ይሄን ስትሰማ እስከ ማታ አኩርፋ ዋለች)።

ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኮቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ እንደማለት። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሏችሁ? በ1887 ዶጋሊ ላይ አሉላ አባ ነጋ የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። በየቀኑ ስንት ሺ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ያልፍበታል፣ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ግን ስንቱ ይሆን። መታሰቢያቸው ከጣቢያው ትንሽ ራመድ ብሎ ዛፍ ያለበት መናፈሻ ውስጥ ነው፣ እሱም ቢሆን የራሳቸው አይደለም፣ ከግብፅ የመጣ የፈርዖኑ የራምሴስ ሁለተኛ ሐውልት ነው (ሐውልት የምለው ሁሉ እንደ አክሱሙ ቀጥ ብሎ የቆመውን ረጅም ድንጋይ፣ ኦቤሊስክ የሚሉትን ነው)፣ በ1883 ሮም ውስጥ ሲቆፈር የተገኘ። በወረራው ጊዜ ያ ለገሃር የምናውቀው የይሁዳ አንበሳ ተነቅሎ መጥቶ እዚህ ሐውልት ስር ነበር የተቀመጠው፣ ዘርዓይ ደረስም በ1938 ሰይፉን የመዘዘው እዚሁ ነው። አንበሳው በ60ዎቹ ወደ አገሩ ተመልሷል። ባሌ ይሄን ሲተርክ እማዬ ዙሪያውን ስታይ ቆየችና "እዚችው ነው እንዴ?" አለች። በልጅነቷ ስትሰማው ያደገችው ታሪክ ውስጥ ትልቅ አደባባይና የሰራዊት ብዛት ነበረበት፣ አሁን ያለው አግዳሚ ላይ የተኛ ሰውና እርግብ ነው።

ትንሹ ደሞ ሌላ ነገር ይዞታል። "ግብፆች ሰጧቸው ነው?" አለ። አይ፣ ወሰዱት አልኩት። "መቼ ነው የሚመልሱት?" እኔ ምን ልበል? ሮም ከጥንት ጀምሮ ያቆመቻቸው 13 ሐውልቶች አሏት፣ ግብፅ ውስጥ ቆሞ ከቀረው ይበልጣል ይባላል፣ ይሄን ስነግረው እንፈልጋቸው አለ፣ እህቱም ስልኳ ላይ ዝርዝር ከፈተች፣ በቃ የጉዟችን ነገር በዚህ ተወሰነ። ከልጅ ጋር ለሚሄድ ሰው አንድ የምለው ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ ዝርዝር ይዛችሁ ከቦታ ቦታ አታባሯቸው፣ የሚከተሉት አንድ ነገር ፈልጉላቸው፣ ሐውልት ይሁን ምንጭ ይሁን ድመት ይሁን፣ ከተማው በራሱ ጊዜ ይመጣላችኋል። ቤተክርስቲያን ሙዚየም ቤተክርስቲያን ሙዚየም እያሉ የሚጎትቷቸው ልጆች ፊት መንገድ ላይ ስታዩት ያሳዝናል።

በነገራችን ላይ ውሃ አትግዙ። መንገድ መንገዱ ላይ ናዞኒ የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ፣ ወደ 2,500 የሚጠጉ፣ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ንፁህ ውሃ ይለቃሉ። የቧንቧውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ውሃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ አጎንብሶ መጠጣት ነው። ልጄ ይሄን ካወቀ በኋላ ያልረጨው ሰው የለም።

ዋናው ቀናችን የኮሎሲየም ቀን ነበር፣ ግን በኮሎሲየም አልጀመርንም። ቺርኮ ማሲሞ ከሚባለው ሜትሮ ጣቢያ ወጣ ስትሉ ትልቅ ነጭ ህንፃ አለ፣ የፋኦ (የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት) ዋና መስሪያ ቤት ነው፣ መጀመሪያ ግን ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እሱ ፊት ለፊት ነበር። 24 ሜትር፣ 160 ቶን። በ1947ቱ የሰላም ስምምነት እንመልሳለን ብለው ፈርመው 2003 ላይ ነው መፍታት የጀመሩት፣ ከዛ በፊት በ2002 መብረቅ መትቶታል፣ እማዬ ደሞ ይሄን ስትሰማ "አያችሁ፣ ማስጠንቀቂያ ነው" ብላ ነገሩን ዘጋችው። በ2005 በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሶስት ተከፍሎ ሄደ፣ 2008 አክሱም ላይ ቆመ። አሁን አደባባዩ ላይ ሁለት የጥንት አምዶች ናቸው ያሉት፣ የአሜሪካውን የመስከረም 11 ጥቃት ሟቾች ለማስታወስ የቆሙ። ሴቷ ስልኳ ላይ "የተመለሰ፦ 1" ብላ ጻፈች። ወንዱ ከዛ ጀምሮ አዲስ ሐውልት ባየን ቁጥር "ይሄኛውስ?" እያለ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አደረቀን።

እዛው ጋ ቁልቁል ስታዩ ሰፊ ሳር ያለበት ሜዳ አለ፣ ድሮ የሰረገላ ውድድር የሚካሄድበት። ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጢዮስ በ357 ከካርናክ የመጣ ትልቅ የግብፅ ሐውልት እዚህ ሜዳ ላይ አቁሞ ነበር፣ በ1588 ተነስቶ አሁን ላተራኖ ነው ያለው፣ ከሁሉም ረጅሙ እሱ ነው። ይሄ ቆንስጣንጢዮስ ማለት ደሞ ለኛው ኢዛናና ለወንድሙ ሳይዛና ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ ብሎ ደብዳቤ የጻፈው ሰውዬ ነው። ለአክሱም ነገሥታት ደብዳቤ የጻፈው ሰው ሐውልት ባቆመበት ሜዳ ጥግ ከ1,600 ዓመት ገደማ በኋላ የአክሱም ሐውልት መጥቶ ቆመ፣ አይገርምም? እኔ ገርሞኝ ለባሌ ደጋግሜ ነገርኩት፣ እሱ ግን ሆዱ ባዶ ስለነበር አልገባውም።

ከዛ በቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ አስር ደቂቃ ገደማ ነው፣ መጨረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው፣ ጎኑ ኮሎሲየም። የ1960 ማራቶን የመጨረሻ መንገድ ይሄ ነው። ሩጫው ከካፒቶሊኖ ኮረብታ ስር አመሻሽ ላይ ተነስቶ፣ ከከተማ ወጥቶ፣ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ወታደሮች ችቦ እያበሩ ነው የተመለሰው፣ እንደወትሮው ስታዲየም ገብቶም አላለቀም፣ እዚህ ቅስት ጋ ነው ያለቀው። አበበ ቢቂላ ከሞሮኳዊው ራዲ ጋር ጎን ለጎን መጥቶ፣ የአክሱም ሐውልት የቆመበት አካባቢ ሲደርስ ጥሎት ሄደ፣ በባዶ እግሩ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ሪከርድ። መስከረም 10 ቀን ነበር፣ በኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እማዬ ያኔ ልጅ ነበረች፣ ሩጫውን የሰማችበትን ቀን አታስታውስም፣ ሰፈር ውስጥ ልጅ ሁሉ አበበ ነኝ እያለ ይሮጥ እንደነበር ግን ታስታውሳለች።

ሴቷ ልጄ መንገዱ ላይ ቆማ ማስላት ጀመረች። ሁለተኛ የወጣው ራዲ በ25 ሰከንድ ተበልጦ ነው የገባው፣ ታዲያ 25 ሰከንድ ስንት ሜትር ነው? አበበ ባማካይ አንድ ኪሎሜትር በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው የሮጠው፣ መቶ ሜትር በ19 ሰከንድ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ወደ 130 ሜትር። ሜዳው ላይ እናየው አለች። እማዬ አበበ ሆና ቅስቱ አጥር ጋ በነጠላዋ ቆመች፣ ወንዱ ራዲ ነው ተባለና ወደ ኋላ 130 እርምጃ እንዲቆጥር ተላከ፣ ባሌ እየቆጠረ አብሮት ሄደ (የልጁ እርምጃ ሜትር አይሞላም)። ሲደርስ ዞሮ እጁን አውለበለበ፣ ከቱሪስቱ መሀል በጭንቅ ነው የሚታየው። በጣም ሩቅ ነው! 42 ኪሎሜትር ሮጦ በመጨረሻዋ ጥቂት ደቂቃ ይሄን ያህል መራቅ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ራሴ ያኔ ነው የገባኝ፣ በቲቪ ስንት ዓመት የድሮውን ፊልም ሳይ አልገባኝም ነበር። ወንዱ ከዛ ሩጥ ሳይባል ሮጦ መጣና "ራዲ መሆን አልፈልግም፣ ደግመን እናርገው፣ አሁን እማማ ራዲ ትሁን" አለ። እማማ ራዲ ለመሆን 130 ሜትር መመለስ አለባት፣ ሳቀችና "እኔ አንዴ አሸንፌያለሁ" አለችው።

ኮሎሲየም ውስጡስ? ጥሩ ነው፣ ግን ባጭሩ ልለፈው። ትኬቱ ትልቅ ሰው 18 ዩሮ ነው፣ ፎሮውን (የጥንቷ ሮም አደባባይ ፍርስራሽ) እና ፓላቲኖ ኮረብታን ይጨምራል፣ ከ18 ዓመት በታች ነፃ ነው፣ ነፃውም ቢሆን ቀድሞ ኦንላይን መያዝ አለበት። ኦፊሴላዊው ሳይት ላይ ብቻ ግዙ፣ ሌሎቹ በእጥፍ ይሸጡታል። ስም ይጻፍበታል፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ያስተያያሉ፣ የቤተሰብ ስም የሚል ቦታ ላይ የአባት ይሁን የአያት የሚለው የኛ የዘላለም ጭቅጭቅ እዚህም አለ፣ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ገልብጡት። ልጆቹ የወደዱት ነገር ከውጭ ቅስቶቹ አናት ላይ የተቀረጸው የሮማን ቁጥር ነው፣ 80 መግቢያ ነበረው፣ በአንድ በኩል ከ23 እስከ 54 ዛሬም ይነበባል፣ ያኔም ተመልካቹ በቁጥሩ ነበር በሩን የሚያገኘው። በግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ደሞ የጥይት ሳይሆን ድንጋዩን የሚያያይዘውን ብረት በመካከለኛው ዘመን እየፈለፈሉ የወሰዱበት ነው። ለእማዬ ሊፍት አለ። ፎሮውን ዘለልነው፣ ለ7 ዓመት ልጅ ፍርስራሽ ፍርስራሽ ነው።

የስፓኝ ደረጃ ጋ (አናቱ ላይ ሐውልት አለ፣ ተመዝግቧል) እማዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ከማለቷ ፖሊስ ፊሽካ ነፋ። ከ2019 ጀምሮ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ቅጣት አለው። አልዋሽም፣ በትህትና ነው ያስነሳት፣ እሷ ግን እስከ ሜትሮው ድረስ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ደረጃ ለምን ሰሩት?" እያለች ሄደች። ትሬቪ ምንጭ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ማየት ከፈለጋችሁ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት። ውሃው የሚመጣው ከክርስቶስ ልደት 19 ዓመት በፊት በተሰራ መስመር ነው፣ የሚጣለው ሳንቲም ደሞ ለችግረኞች በካሪታስ በኩል ይሄዳል፣ እማዬ ይሄን ስትሰማ ነው ቦርሳዋን የከፈተችው።

ቫቲካን ላይ ሙዚየሙን ትተን ቅዱስ ጴጥሮስን ብቻ አየን። መግቢያው ነፃ ነው፣ የፍተሻው ሰልፍ ግን አደባባዩን ይዞራል፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፣ የእማዬ ሁለተኛ ነጠላ እኔን አዳነኝ። እማዬ መጀመሪያ "ይሄ የኛ አይደለም" ብላ ዳር ዳር ስትል ነበር፣ በቀኝ በኩል መስታወት ውስጥ ያለችው፣ ልጇን ጉልበቷ ላይ ያስተኛችው የሚኬላንጄሎ ማርያም ሐውልት ጋ ስትደርስ ግን ዝም ብላ ቆመች፣ እኛ ዞረን ጨርሰን ስንመጣም እዛው ነች።

ጉልላቱ ላይ እኔና ሴቷ ነን የወጣነው። 551 ደረጃ፣ በሊፍት እስከ ጣሪያው ብትሄዱም 320ው ይቀራችኋል። ወደ መጨረሻው ግድግዳው ከጉልላቱ ጋር አብሮ ይጎብጣል፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ነው የሚሄደው፣ የመጨረሻው ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ደሞ መደገፊያው ገመድ ነው። ከፍታ ወይ ጠባብ ቦታ የሚፈራ ሰው ይቅርበት። ላይ ስትደርሱ ሰው ሁሉ አደባባዩን ፎቶ ለማንሳት ወደ ፊት ለፊት ይጋፋል፣ እናንተ ወደ ኋላ ዙሩ። ከባዚሊካው ጀርባ ስር ያለችው ትንሽ ቤተክርስቲያን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነች፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኛ መነኮሳት ይኖሩባት የነበረች፣ ከፍ ብሎ አትክልቱ መሀል ያለው ደሞ የኢትዮጵያ ኮሌጅ፣ ከቫቲካን አጥር ውስጥ ያለ ብቸኛው ኮሌጅ። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 እዚሁ ሮም ነው የታተመው፣ አሳታሚው ጀርመናዊ ግዕዙን ከነዚሁ መነኮሳት ተምሮ። ሐዲስ ኪዳንን ደሞ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 49 አሳተመው። ወርደን ለእማዬ ስንነግራት ቦርሳዋ ውስጥ ያለችውን ዳዊት አውጥታ አገላብጣ አየቻትና "እዚህ?" አለች። ገብታ ልትሳለም ፈልጋ ነበር፣ በዛ በኩል ግን ዝም ብሎ የሚገባ ሰው የለም።

የመጨረሻው ቀን እግራችን እንዳመጣ ነበር። ፓንቴዮን (5 ዩሮ ነበር፣ ጣሪያው መሀል ቀዳዳ ነው፣ ዝናብ ይገባል፣ ወለሉ ላይ ውሃው የሚወርድበት ቀዳዳ ልጆቹ ፈለጉ)፣ ከጀርባው ሚኔርቫ ጋ ሐውልት የተሸከመ የድንጋይ ዝሆን፣ የልጄ አንደኛ ምርጫ፣ "ይሄን ከነዝሆኑ ይመልሱት" ብሏል። ከዛ ፒያሳ ናቮና። እዛ የቤርኒኒ የአራቱ ወንዞች ምንጭ አለ፣ በ1651 ያለቀ፣ አናቱ ላይ ሐውልት፣ ስሩ አራት ግዙፍ ሰዎች፣ ዳኑብ፣ ጋንጀስ፣ የደቡብ አሜሪካው ፕላታ፣ እና ዓባይ። ዓባይ ራሱን በጨርቅ ተሸፋፍኗል፣ እጁ ጨርቁን ይዞ ፊቱ አይታይም።

እማዬ የጎጃም ሰው ናት። አጠገባችን አንድ ጋይድ ለቱሪስቶቹ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ፊቱን የተሸፈነው ያኔ ምንጩ ስላልታወቀ ነው ይላል፣ ሴቷ ለእማዬ ተረጎመችላት። "ማነው ያላወቀው?" አለች እማዬ። ባሌም አቀጣጠለው፣ ይሄ ከመሰራቱ በፊት በ1618 አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባል ፈረንጅ ራሱ ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ አይቶታል አላት፣ ከዛማ ማን ያስችላት። "ንገሪው፣ ግሽ ነው በይው" እያለች ሴቷን ወተወተቻት። ሴቷ አፍራ ባሌ ጀርባ ተደበቀች። ትንሹ ነው ሰዎቹን ሰንጥቆ ገብቶ የሰውየውን እጅጌ ጎትቶ አያቴ ምንጩን ታውቀዋለች ያለው። ሰውየው ሳቀ፣ ግን ጎንበስ ብሎ የት ነው አለው። "ጎጃም!" አለው ልጄ ጮክ ብሎ፣ ከዛም እማዬን በጣቱ አሳየው፣ ሃያ ምናምን ቱሪስት ዞሮ አያት፣ አንዷ ፎቶ ልታነሳት ፈቃድ ጠየቀች፣ እማዬም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ልጁ ደሞ በዛው አፉ ሳይዘጋ ሰውየውን ስለ ሐውልቱ ጠየቀው፣ ይሄኛውስ መቼ ነው የሚመለሰው ብሎ።